ከሉን እኔ ለብሼዋለሁ

ይድረስ ለእናኑ።

ለጤናሽ እንዴት ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ጤናሽ ሲያልቅ አጠገብሽ ነበርኩ። እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እነሳለሁ። ጥምቀት ካለፈ ወዲህ ሰው ሁሉ «ዓመቷ ደረሰ እኮ» ይለኛል፣ እኔ የማላውቀው ይመስል። አውቃለሁ። አምና በዚህ ሰሞን ነው የተለየሽኝ፤ በመጪው እሑድ ሙት ዓመትሽን እናወጣለን።

ይህን የሚጽፍልኝ መምህር ከድር ነው። አንቺ አታውቂውም፤ የጓሮዋን ክፍል የተከራየው ክረምቱ ሲገባ ነው። የወሎ ሰው ነው፣ ሃይማኖቱም ሌላ ነው፣ ግን የሰው ልጅ ነው፤ ቤቴ ሲገባ ጫማውን ደጅ ያወልቃል፣ ስጠራው አቤት ይላል። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ቃሌን እንዳያሳምርብኝ አስጠንቅቄዋለሁ። አንዳንዴ እስክሪብቶውን አንስቶ ይህንንም ልጻፈው ወይ አባባ ይለኛል። ጻፈው እለዋለሁ። እሑድ ካህናቱ ፍትሐቱን ከጨረሱ በኋላ፣ ሰው ድንኳን ውስጥ በልቶ ጠጥቶ ሲቀመጥ፣ ተነስቶ ያነበዋል። ለሞተ ሰው ደብዳቤ አይጻፍም የሚል ካለ እዚያው ይንገረኝ። ይህ ዓመት ስለ እኔና ስለ ልጃችን ብዙ የተወራበት ነው። ያወራው ሁሉ እሑድ አንቺ ቤት መምጣቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ለአንቺ የምነግርሽን እሱም ይስማ።

በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ጣራው የሚያፈስበት ቦታ ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስ ከረመ። ትልቁን ድስትሽን ከሥሩ አስቀምጬ ነበር፤ ዝናቡ ካቆመ ስንት ጊዜው፣ ድስቱ እስካሁን እዚያው ነው፣ አላነሳሁትም። መሬቱን ለእኩል ሰጥቻለሁ። ጉልበት አጥቼ አይደለም፤ ጠዋት ተነስቼ በሬ እንድጠምድ የሚያደርገኝን ነገር አጥቼ ነው። ጤፉ ግን ዘንድሮ ደህና ሆኗል። ቀይዋ ላም ወልዳለች፣ ጥጃዋ እናቷን ትመስላለች። ወንዶቹ ልጆቻችን ቀብረውሽ፣ ሰባትሽን ውለው ወደየሥራቸው ተመለሱ፤ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዱ ፍኖተ ሰላም። ኔትወርክ ሲኖር ይደውላሉ። እንዴት ነህ አባዬ ይሉኛል፣ ደህና እላለሁ። ስልኩ ጆሮዬ ላይ እስኪሞቅ ዝም ብለን እንቆያለን።

በሩን እስካሁን በታችኛው መቀርቀሪያ ብቻ ነው የምዘጋው። አንቺ አጭር ስለነበርሽ የላይኛው አይደርስልሽም ነበር። እኔ ከዘጋሁት ጠዋት ቀድመሽኝ ስትነሺ በርጩማ ፍለጋ ስትንጎዳጎጂ ትቀሰቅሺኝ ነበር፣ ስለዚህ ተውኩት፣ ሌባም ከመጣ ይምጣ ብዬ። አሁን የላይኛውን መዝጋት እችላለሁ። እጄ ግን ዝቅ ብሎ ወደ ታችኛው ይሄዳል።

አላለቀስኩም። ከድር እዚህ ላይ ቀና ብሎ አየኝ። ጻፈው፣ አላለቀሰም በል አልኩት። ቀብርሽ ላይ ደረቴን እንድመታ፣ መሬት ላይ እንድወድቅ የጠበቁ ነበሩ። እጄም ጉልበቴም እሺ አላለኝም። ውርጭ የመታው ጣት ታውቂያለሽ፤ ብትቆነጥጪው አይሰማም፣ የራስሽም አይመስልሽም። እኔ ሁለንተናዬ እንደዚያ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ነው። ሰው አያ ቸኮል ጠንካራ ነው አለ። ጥንካሬ አይደለም። ምን እንደሆነ ግን አላውቀውም።

አሁን ወደ ትብለጥ ልምጣ። ይህን ሁሉ የማስጽፈው ስለ እሷ ነው።

ያ የወፍጮ ቤቱ ቀን ትዝ ይልሻል? ትብለጥ ቀሚስሽን ይዛ የምትከተልበት ዕድሜ ላይ ነበረች፤ ከወንዶቹ ብዙ ዘግይታ የመጣች የመጨረሻችን ስለነበረች ከአንቺ አትለይም ነበር። የብቸና ወፍጮ ተሰበረና የከተማው ሴት ሁሉ እህሉን ተሸክሞ ደጁ ላይ ተቀመጠ። ሻፍት የሚሉትን፣ ድንጋዩን የሚያዞረውን የብረት ዘንግ ባሕር ዳር ወስደው እስኪያሠሩ፣ ሄዶ መመለስ ሆነ ሥራችሁ። በመጨረሻ ዘንጉን የሚገጥም ሰው መጣ፤ እጁ እስከ ክርኑ በዘይት ጠቁሯል። የወፍጮው ጌታ ያ ሁሉ ኩራቱ ቀርቶ መንገድ ለቀቀለት፤ ያ ሁሉ ሴት ወሬውን አቋረጠ። ሞተሩ ተነስቶ ድንጋዩ ሲዞር እልል ተባለ አልሽኝ። እህሉን አስፈጭተሽ ስትመለሺ ገና ዱቄቱን ከራስሽ ሳታራግፊ ነው የነገርሽኝ። «አያ፣ አገር ሙሉ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ያንን ጥቁር እጅ ነበር» አልሽኝ። እኔ እህ ብዬ አለፍኩት። ትብለጥ ግን ከጉልበትሽ ሥር ሆና ሰምታለች።

አድጋ ቴክኒክና ሙያ ስትገባ የማሽን ሥራ መረጠች። እህቴ ዘርፌ ያን ቀን እንዴት እንደሆነች አትረሺውም። ታላቄ ናት፣ አከብራታለሁ፣ ግን አፏን ታውቂያለሽ። የጨዋ ልጅ ብረት ቀጥቃጭ ልታደርጓት ነው፣ ከዚህ በኋላ ማን ያገባታል አለች። አንቺ ድምፅሽን ከፍ እንኳ ሳታደርጊ፣ እትዬ ዘርፌ፣ ብረቱን የሚቀጠቅጠው ማሽኑ ነው፣ እሷ አዛዡ ናት አልሻት። ዘርፌ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ስትወጣ በሩን ያለ ወትሮዋ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ትምህርቷን ጨርሳ ቤት ስትቀመጥ ከሞጣ ወሬ መጣ። እዚያ አንድ ቶርኖ ቤት አለ። ቶርኖ ማለት ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን ነው፤ እኔም ያወቅኩት በእሷ ሰበብ ነው። ቤቱ ተለማማጅ ይቀጥራል፣ እያስተማረ ደመወዝ ይከፍላል፣ ሙያው የገባውን ደግሞ በቋሚነት ያስቀረዋል አሉ። ልጆቹ አፓረንት ይሉታል። እኔ አላመንኩም። በእኛ ዘመን የሚማር ሰው ነው ለአስተማሪው የሚሰጥ። የቆሎ ተማሪ ለየኔታው እንጨት ይሰብራል፣ ውኃ ይቀዳል፣ የራሱን ቁራሽ ለምኖ ይበላል። ሸማ የሚማር ልጅ የጌታውን ቤት ያገለግላል። ገና ለማያውቅ ሰው ደመወዝ የሚከፍል ሰው ወይ ሞኝ ነው ወይ አታላይ ነው አልኩ። አንቺ ታመሽ ተኝተሽ ነበር። ከአልጋሽ ሆነሽ ሳቅሽብኝ። «አንተ ወይፈን ስታለምድ ገለባ ትከለክለዋለህ?» አልሽኝ።

ሞጣ ሄዳ ተፈተነች፣ ተቀበሏት፣ ሰማያዊ ቱታ ሰጧት። ቱታው ለወንድ የተሰፋ ነው፣ እሷ ደግሞ ቁመቷ የአንቺ ነው፤ እግሩ መሬት ይጠርጋል። አምጪው አልሻት። ሰማያዊ ክር ቤት ውስጥ አልነበረም። በነጭ ክር፣ ትራስ ተደግፈሽ፣ ሳሉ ሲይዝሽ እያረፍሽ፣ አጥፈሽ ሰፋሽው። ስፌቱ ጠማማ ነው፤ በጤናሽ እንዲህ አትሰፊም ነበር። ነጩ ያስቃል ስልሽ፣ እግሯን ማን ያያል፣ እጇን ነው የሚያዩት አልሽኝ። ከዚያ ወዲያ መርፌ አልያዝሽም። ሥራዋን ልትጀምር ትንሽ ሲቀራት ሞትሽ።

በሳልስትሽ ዘርፌ ሳጥንሽን ከፍታ ነጠላሽን አወጣች፤ ያንን ጥለቱ ቀይ የሆነውን፣ ለጥምቀት የምትለብሽውን። ጥቁር ቀለም ነክራ ከል አደረገችው። ጥለቱም አብሮ ጠቆረ። ሽታሽም አብሮ የሄደ ይመስለኛል፣ አሁን የሚሸተው ቀለም ቀለም ነው። አምጥታ ትብለጥን አለበሰቻትና ሰው ፊት አስማለቻት። የእናቴ ዓመት ሳይሞላ ይህ ከል ከትከሻ ቢወርድ በሰማይ አላግኛት ብላ ማለች። ልጅቱ ያን ሰሞን በይ ያሏትን ሁሉ ትል ነበር። ዘርፌ ለክፋት አላደረገችውም። ያደግንበት ነው፤ ከል የሟች ክብር ነው። እኔም እዚያው ተቀምጬ ሰማሁ። የጠየቀኝ ቢኖር ደግ አደረገች እል ነበር።

ሰባትሽ እንዳለፈ ከቶርኖ ቤቱ ተደወለ። አዝነናል፣ ግን እስከ ሰኞ ካልገባች ቦታው ለሌላ ይሰጣል አሉ። ዘርፌና ጎረቤቱ አርባዋን ሳትውል ወዴት ትሄዳለች ብለው ተነሱ። እዚህ ላይ እኔ ተናገርኩ። ትሂድ አልኩ። ሰኞ ጠዋት ከሉን ተከናንባ፣ ቱታውን በፌስታል ይዛ ሚኒባስ ተሳፈረች። መንደሩ ማውራት የጀመረው ያን ቀን ነው። የእናቷ አፈር ሳይደርቅ ደመወዝ ፍለጋ ሄደች ተባለ።

በስልክ ስጠይቃት ደህና ነው ትላለች። ሥራውስ? ደህና ነው። ማሽኑስ? ደህና ነው። ይህች ልጅ ስትዋሽ ቃሏ ያጥራል ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። በዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ ተዘግቶ የነበረው መንገድ ሲከፈት፣ ልያት ብዬ ተነሳሁ። ወደ አስተማሪ ባዶ እጅ አይኬድምና ለአሠሪዋ አንድ ማሰሮ ማር ያዝኩ፣ ለየኔታ እንደሚያዘው። ደብረ ወርቅ ላይ መኪናው ጎማ እስኪቀይር ቆመን ሳለ አንዲት ሴትዮ ማሰሮዬን እያየች ለማን ነው አባባ አለችኝ። ለልጄ የኔታ አልኳት። ድቁና ነው የሚማረው ወይስ ቅኔ አለች። ብረት ነው የምትማረው ስላት ቦታዋን ቀይራ ተቀመጠች።

ቶርኖ ቤቱ ከሞጣ መናኸሪያ ጀርባ ነው፤ ጩኸቱ ከሩቅ ይሰማል። ገና በሩ ጋ ሳልደርስ አየኋት። ደጃፉ ላይ የተገለበጠ ጣሳ ላይ ተቀምጣ አሮጌ ቡሎን ትለያለች፣ ትልቁን ወዲህ ትንሹን ወዲያ። ከሉን ራሷ ላይ ጠምጥማ፣ በትከሻዋ አዙራ፣ በአንድ እጇ አጥብቃ ይዛዋለች። ውስጥ ማሽኑ ላይ አብሯት የገባው ጎረምሳ ቆሟል። ስታየኝ ተነስታ ጉልበቴን ሳመች። እዚህ ምን ታደርጊያለሽ አልኳት። ሥራ ነው አለች። ቃሏ አጭር ነበር።

አሠሪውን አቶ ውበቱ ይሉታል። ጎልማሳ ነው፤ እጁ ያኔ እንደነገርሽኝ ሰው እጅ ጥቁር ነው። ማሩን በአንድ እጄ ሰጠሁትና ወዲያው ወቀስኩት። ልጄን ልታስተምራት ነው የወሰድካት ወይስ ደጅ ልታስቀምጣት፣ የጨዋ ልጅ ናት፣ አባቷም ገና አልሞተም አልኩት። ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው አዩኝ። እሱ አልተቆጣም። ይግቡና ይዩ አባቴ አለኝ። ከመሬት አሮጌ ጨርቅ አነሳና ጫፉን ብቻ ወደሚሽከረከረው ብረት አስጠጋ። እናኑ፣ ጨርቁ ከእጁ ሲወጣ እንኳ አላየሁትም። ዓይኔን ስገልጥ ብረቱ ላይ ተጠምጥሟል። ማሽኑን አጥፍቶ በቢላ እየቆረጠ እስኪያላቅቀው ብዙ ቆየ።

«እኔም እናቴን ቀብሬያለሁ» አለኝ ቢላውን እየጠረገ። «ይህ ማሽን ግን ሐዘን አያውቅም፣ አባቴ። በዚያ ነጠላ እዚህ ላቆማት አልችልም። ደሟን አልሸከምም።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ። መጀመሪያ ላይ ከሉን ቱታዋ ውስጥ ጠቅጥቃ ትሠራ ነበር፤ አንድ ቀን ጫፉ በአንገቷ በኩል ሾልኮ ወጣና ማሽኑ ሊነጥቀው ሲል እሱ መብራቱን አጠፋው። ከዚያ ወዲህ ደጅ አስቀምጧታል። ሥራ ላይ ስትሆን ሚስማር ላይ ስቀይው ብሎ ለምኗታል፤ ምያለሁ ትለዋለች፣ ስትተኛም አታወልቀውም አሉ። ደመወዟን ሳያጓድል ይከፍላታል፣ ግን የሙከራ ጊዜያቸው ፋሲካ ላይ ያልቃል። ማሽን ላይ ያልቆየችን ልጅ ሙያ አላት ብዬ ማስቀረት አልችልም አለኝ። መጀመሪያ ቀን እጇን አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ እጅ በየጊዜው አይመጣም፣ ያሳዝነኛል አለ። ይህን ሲል ወደ እኔ አላየም፣ ወደ ማሽኑ ነው ያየው።

ወደ እሷ ወጣሁ። ሰምታለች። ራሷን ደፍታ ነበር። «ከአንተ ጋር እመለሳለሁ አባዬ» አለችኝ። «ሥራ ሌላ ይገኛል። እማዬን አልከዳትም።»

እኔም መሬት መሬት አያለሁ። የቱታዋን እግር ያየሁት ያኔ ነው። ነጩ ክር። ዘይት ነክቶት ቢጫ ሆኗል፣ ጠማማነቱ ግን እንዳለ ነው። አንድ ቦታ ላይ ክሩ ተደራርቦ ተቋጥሯል፤ እዚያ ስትደርሺ ሳሉ ይዞሽ ነበር፣ እኔ ነኝ ጀርባሽን የያዝኩት። ቆሜ አየሁት። ከሉን ያለበሰቻት ዘርፌ ናት። ቱታውን ያለበስሻት አንቺ ነሽ። ከዚህ ወዲያ ማሰብ አላስፈለገኝም።

ተነሺ አልኳት። ጋቢዬን ከትከሻዬ አውርጄ ለአቶ ውበቱ አስያዝኩት፤ በሌላ እጁ ማሰሮውን እንደያዘ ነበርና መሄጃ አጥቶ ቆመ። ከሉን በጫፉ ያዝኩት። እጄን ያዘች። ምያለሁ እኮ አባዬ አለች።

«የማልሽው ከትከሻ እንዳይወርድ ነው» አልኳት። «አይወርድም።»

አንዱ ጫፍ እሷ ትከሻ ላይ እንዳለ ሌላውን እኔ ላይ ጣልኩት፣ ከዚያ ጠጋ ብዬ ቀስ አድርጌ ሳብኩት። ከእሷ ሲለቅ እኔን ይዞ ነበር። ለአንቺ ቁመት የተሸመነ ነው፣ ለእኔ ጀርባዬን እንኳ በቅጡ አይሸፍንም። ከሠራተኞቹ አንዱ ሊስቅ ሲል አቶ ውበቱ ገና ሲያየው ተወው። ትብለጥ ፀጉሯን ለአንቺ ተላጭታ ነበር፤ ያለ ከሉ ሳያት ትንሽ ልጅ መሰለችኝ። እጅጌዋን ጠቀለለችና ወደ ውስጥ ገባች። ጎረምሳው ቦታውን ለቀቀላት። ዞራ አላየችኝም። ብትዞር ኖሮ እቆጣት ነበር፤ ያ ብረት እየዞረ ዓይን ከእሱ አይነሳም።

ማሩን አቶ ውበቱ ለብቻዬ አይሆንም ብሎ ዳቦ አስመጥቶ ሁሉም ተቀማምሶት በላ። ለሚያስተምር ሰው እጅ መንሻ እዚህ አልተለመደም አለኝ። ልመዱ አልኩት።

ወደ ብቸና ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ያየኛል፣ እኔ መስኮቱን አያለሁ። ጋቢውን ከላይ ደርቤ መደበቅ እችል ነበር። አልደበቅኩትም። ሽማግሌ ሰው ጥቁር የሴት ነጠላ ለብሶ ገበያ ሲወጣ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ። ጠላ ቤት አንዱ፣ አያ ቸኮል፣ ሹሩባውንስ መቼ ነው የምትሠራው አለኝ። ለአንተ ለቅሶ አልኩት። እሑድ ድንኳኑ ውስጥ ይኖራል፤ ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል።

ዘርፌ አበደች። የእናቱን ጡት የጠባ ሰው ይህን አያደርግም፣ ልጅቱን መሐላ አስበላት አለችና ለነፍስ አባታችን ከሰሰችኝ። አባ በትራቸውን ይዘው መጡ። ከሉ መሬት ነክቷል ወይ አሉኝ። አልነካም አልኩ። ሳይለበስ ያደረበት ጊዜ አለ ወይ አሉ። የለም አልኩ። ጢማቸውን አሻሹ። እንግዲህ ለአንተ ይጠብህ እንደሆን እንጂ መሐላውስ አልፈረሰም አሉና ባርከውኝ ሄዱ። ዘርፌ ከዚያ በኋላ አላነጋገረችኝም። እንጀራውን ግን በልጇ መላኳን አላቆመችም።

እኔ አንዴ የያዝኩትን አልለቅም። ማሳ ስሄድ ለብሼዋለሁ፣ ስተኛ ለብሼዋለሁ። ሲቆሽሽ ጫፍ ጫፉን እያጠብኩ እርጥቡን እለብሰዋለሁ። ክረምት ላይ አንድ ቀን እንዲያ ሆኜ ምድጃ ሥር ተቀምጬ ሳለ ዘርፌ ገባች። አየችኝ። በርጩማ ስባ ተቀመጠችና፣ እላዬ ላይ እንዳለ ጫፉን ይዛ ወደ እሳቱ ዘረጋችው፣ እስኪደርቅ ድረስ። ከዚያ ተነስታ ሄደች። በማግሥቱ እንደ ድሮዋ ስትሰድበኝ ሰማሁ፤ ታርቀናል ማለት ነው።

ትብለጥን ፋሲካ ካለፈ በኋላ አቶ ውበቱ በቋሚነት አስቀራት። የነገረኝ ራሱ ነው፣ ደውሎ። ልጅቷ አልፋለች አለኝ። እሺ አልኩ። ደስ አይልም ወይ አለኝ። ይላል አልኩት። ደስ ማለቱ የት እንዳለ ፈልጌ አላገኘሁትም፣ ግን እንዳለ አውቃለሁ፤ የሆነ ቦታ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። በቋሚነት ያገኘችውን የመጀመሪያ ደመወዝ ሳትነካ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች፣ ለአንቺ ልትሰጥ የተሳለችው ነበር መሰለኝ። መረቅኩና መለስኩላት። ምርቃቱ ላይ የአንቺን ስም አስገባሁ።

አሁን የመጨረሻውን ልንገርሽ። ዘንድሮ ጤፍ ተወቅቶ እንዳለቀ የብቸና ወፍጮ እንደገና ተሰበረ። ያ ዘንግ ነው፣ እንደ ድሮው። የወፍጮው ጌታ አሁን ልጁ ነው፤ ባሕር ዳር አልላከውም፣ ሞጣ ላከው። ሳይቆይ ተሠርቶ መጣ። ልጁ መንገድ ላይ አግኝቶኝ፣ አያ ቸኮል፣ የሠራችው ያንተዋ ናት አሉኝ አለ። አልፌው ሄድኩ። ግን ቤቴ አልገባሁም፣ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄድኩ። ሴቶቹ በየጆንያቸው ላይ ተቀምጠዋል። እህል ይዘህ ነው ወይ አሉኝ። አይደለም አልኩ። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ድንጋዩ ይዞራል፣ ዱቄቱ ይወርዳል፣ ከሉ ላይ ሁሉ ይነሰንሳል። አንቺ የተቀመጥሽበት ቦታ ላይ አንዲት ሴት ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች። የሆነ ነገር የሚሰማኝ ከሆነ ብዬ ጠበቅኩ። ወፍጮው ብቻ ነው የሚሰማው። ሁሉም ሰው አስፈጭቶ እስኪወጣ እዚያው ቆምኩ። ቤት ስገባ ከሉ በዱቄት ነጥቶ ነበር፤ ያን ቀን አላራገፍኩትም።

እሑድ ትብለጥ ትመጣለች። ዓመቱ ሲሞላ ሐዘንተኛን ከል የሚያስወልቅ ዘመድ ነው። ከእኔ ትከሻ ላይ የምታወርደው እሷ ናት፤ ሌላ ሰው እጁን እንዳይዘረጋ። ታጥባ ብትመጣም ጥፍሯ ሥር ያለው ጥቁር አይለቅም። እጅሽን እንዳትደብቂ ብያታለሁ።

አሁን ሰው ሁሉ እየሰማ አንድ ነገር ልናገር። እኔም መሄዴ አይቀርም። ስሞት ይህ ከል ከእኔ ጋር ይቀበር። ትብለጥን ማንም ከል እንዳያለብሳት፣ ማንም እንዳያስምላት። ትቅበረኝ፣ ሳልስቴን ትዋል፣ ከዚያ ቱታዋን ለብሳ ሥራዋ ላይ ትገኝ። ነጩ ክር ከተተረተረ በነጭ ክር ይሰፋ። ዘርፌ እህቴ፣ ይህን ስትሰሚ አትቆጪ፤ የእሷንም የእኔንም ሐዘን እኔ ለብሼ ጨርሼዋለሁ። ይህ ኑዛዜ ነው። ከድር ጽፎታል፣ ሰው ሰምቶታል። ፊርማ አላውቅም፤ አውራ ጣቴን አሳርፌበታለሁ።

ለአንቺ ደግሞ፣ እናኑ፣ አልረሳሽም ብዬ አልምልልሽም። መሐላ በዚህ ቤት በቃ። ይልቅ የማውቀውን ልንገርሽ። ከሉ ሲወርድ ትከሻዬን ይበርደኛል፤ ይህን ሁሉ ወር ለምዶታልና። ዓመቱን ሙሉ ምንም አልተሰማኝም፣ ያ ብርድ ግን የሚሰማኝ ይመስለኛል። በበረደኝ ቁጥር አንቺ ነሽ እላለሁ። ጋቢ አልደርብበትም።

የቤትሽ ሰው፣ ቸኮል